ስለ ግዴታው ፌርማታ የቀረበ የምስጋና አቤቱታ

ለተከበሩ አቶ ጓንጉል
የጥር ብስክሌት ውድድር አዘጋጅ ኮሚቴ ሊቀመንበር
ሰቆጣ፣ ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሞ የእርስዎ ጤና፣ የባለቤትዎና የልጆችዎ ጤና፣ የከብትዎም ጤና እንደምን ሰንብቷል? ይህን ሰላምታ በጽሑፍ የማቀርበው ሆን ብዬ ነው፤ በአካል የቀረበ ሰላምታ የሰው ዕድል ይዞ ሊሄድ እንደሚችል ከጥር ወዲህ ተምሬአለሁና። እኔ ምስራቅ ካሳ እባላለሁ፤ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ፊት ለፊት ባለው በረንዳ ላይ የስፌት መኪናዬን አስቀምጬ የምሠራ ልብስ ሰፊ ስሆን፣ በውድድሩ ሦስተኛ የወጣችው የሰርካለም አክስት ነኝ። ያሳደግኋትም እኔ ነኝ። ስለዚህ ታዳላለች የሚለኝ ቢኖር ልክ ነው፣ አዳላለሁ።

በቅድሚያ ለውድድሩ ስላሰቡለት ላመሰግን። በአሮጌው ሰፈር ጠባብ መንገድ ላይ መጀመሪያ የገባው ሰው አንደኛ ሆኖ እሱው እንደሚወጣ፣ ተመልካቹም ሁለተኛውን ዙር ሳያይ ወደ ቤቱ እንደሚሄድ እውነት ነው። ከኮሚቴው አባላት አንዱ በውጭ አገር ከተማ፣ እንደኛው በጠበበ ጎዳና የሚሽቀዳደሙ መኪኖች ጎማ ለመቀየር በግድ እንዲቆሙ ሲደረግ በቴሌቪዥን አይተው ነገሩን ለእርስዎ አቀረቡ፤ እርስዎም ተወዳዳሪ ሁሉ በሦስተኛው ዙር አጥሩ ሥር ወርዶ፣ አንድ ኩባያ ውሃ ጠጥቶ እንዲሄድ አዘዙ። እኛ የግዴታ ፌርማታ አልነው። ውድድሩን ያሻሽላል ብለው ነበርና፣ ያየሁትን መሻሻል በቅደም ተከተል ላስረዳ።

አንደኛ፣ መቅደም ይበዛል የተባለው። ኋላ ሁለተኛ የወጣው ካሤ ለመጠጣት ሲወርድ ከኋላው የነበረው ወንድሙ ዓለምነህ የመንገዱን መሀል ይዞ አዘገመ፤ ከእሱ ኋላ የነበሩት ተወዳዳሪዎች በሙሉ፣ የሚያልፉበት ስለሌላቸው፣ ቀብር እንደሚሸኝ ሰው ቀስ ብለው ተከተሉት። ካሤም ውሃውን እያጣጣመ ጠጥቶ፣ አፉን ጠርጎ፣ ቦታውን ሳይለቅ ሄደ። ልጆቹ አንድም ደንብ አልጣሱም። ሰው በመቆሙ መንገዱ ይሰፋል ብሎ የሚጠብቅ ባይኖር ኖሮ ማንም ባልተገረመ ነበር።

ሁለተኛ፣ ቦታው። በእኛ አገር በብስክሌት እየበረረ የሚያልፍ ሰው እጁን ብድግ ካደረገ ይበቃዋል፤ ማንም አይቀየመውም። ቆሞ ሰላም የማይል ግን ያልተቀጣ ይባላል፣ አሳዳጊውም አብሮ ይሰደባል። ክቡርነትዎ ደግሞ ከከተማው ቦታ ሁሉ መርጠው ፌርማታውን ያደረጉት፣ ሕዝቡ ከቅዳሴ ወጥቶ አረፍ በሚልበት አጥር ሥር ነው። ሰርካለም ሁሉንም ቀድማ፣ ኋላ ያሸነፈውን አስማረንም በሰፊው ርቃ ደረሰች፤ ወርዳ ኩባያውን ጨለጠች። የንስሐ አባታችን ቄስ ወልደ ጻድቅ መስቀላቸውን ይዘው ቆመው ነበርና ተሳለመች። ክርስትና እናቷ ከደሃና ወረዳ ለበዓሉ መጥተው ነበርና አገላብጠው ሳሟት፤ የገብሱን ነገር፣ የአህያይቱንም መውለድ ነገሯት። አንድ ሽማግሌ ሊነሱላት ሲሞክሩ ኧረ በእግዜር አይነሱ ማለት ነበረባት። ሰላምታው በአማርኛ ካለቀ በኋላ በኽምጣኛ እንደገና ተጀመረ፤ በአንዱ ብቻ ቢቀር የሚቀየም አይጠፋም። እኔ በረንዳው ላይ ሆኜ ሂጂ፣ ሂጂ እያልሁ እጄን ሳወናጭፍ፣ ሰላም ያልኋት መስሏት እሷም እጇን አነሳችልኝ። በሕይወቴ ስላስተማርኋት ጨዋነት የተቆጨሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ሦስተኛ፣ ውጤቱ። አስማረ ጎበዝ ልጅ ነው፤ ክፉ አልናገርበትም። ከቆቦ ለሥራ ከመጣ ገና ሁለት ወሩ ነበርና በከተማው ከቤት አከራዩ በቀር የሚያውቀው ሰው አልነበረም፤ አከራዩም ያን ቀን ለቅሶ ሄደው ነበር። ወርዶ ጠጣ፣ ወጣ፣ አሸነፈ። ባለፈው ሳምንት ሱሪ ሊያስጠብብ መጥቶ፣ “እትዬ ምስራቅ፣ ያሸነፍሁት ሰላም የሚለኝ ሰው ስለሌለኝ ነው፤ ለናቴም ደውዬ አልነገርኋት” አለኝ። እንግዲህ ኮሚቴው ፈጣን ብስክሌተኛ ሲፈልግ፣ ዘመድ የሌለውን ልጅ ለይቶ ስላገኘልን ምስጋናዬ የላቀ ነው።

ቀልዱን ላቁምና፣ ከፋሲካ በኋላ ወልድያ ለሚከፈተው የብስክሌት ሥልጠና ለእኛ ከተማ የተሰጠው ቦታ አንድ፣ እሱም የአሸናፊው ነው። ሰርካለም የሰፋሁትን ልብስ ተሸክማ በብስክሌት የከተማውን ዳገት በየቀኑ ስትወጣ የኖረችው ያንን ቦታ እያሰበች ነው። አሁን ብስክሌቷን ግድግዳ አስደግፋ በእግሯ ታደርሳለች፤ ለምን ስላት መንገድ ላይ ሰው ሰላም ለማለት ይመቸኛል ትለኛለች። ይህን ስትል አትስቅም።

የምለምነው ትንሽ ነገር ነው። የወልድያ አውቶቡስ የሚወጣበት መንገድ ሰፊ ነው፤ የፈለገ የፈለገውን ይቀድምበታል። ሦስቱ ልጆች እዚያ ያለ ውሃና ያለ ፌርማታ አንድ ጊዜ ይወዳደሩ፤ ያሸነፈ ይሂድ። አስማረ ተስማምቷል፣ እንዲያውም ሐሳቡን ያመጣው እሱ ነው። ካሤም ወንድሜ ባይኖርም እሞክረዋለሁ ብሏል። ለከርሞ ፌርማታዎቹ ሁለት ይሆናሉ፣ ሁለተኛው ገበያው መግቢያ ላይ ነው የሚል ወሬም ሰምቻለሁ። እውነት ከሆነ ተወዳዳሪዎቹ ስንቅ እንዲይዙ አስቀድሞ ይነገርልን፤ ወይም አሸናፊውን በየዓመቱ ከሩቅ አገር ብናስመጣ ይቀላል፤ አስማረ እንደሆነ ካሸነፈ ወዲህ ሰላም የማይለው የለም፣ ከእንግዲህ አይጠቅመንም።

የኮሚቴዎን ዕድሜ አርዝሞ ስብሰባውን የሚያሳጥር አምላክ ከእርስዎ ጋር ይሁን እያልሁ፣ በመንገድ ባገኘሁዎ ጊዜ ሁሉ ሳልቆምም ሳላስቆምም የማከብርዎ፣

ምስራቅ ካሳ
ልብስ ሰፊ፣ ከግዴታው ፌርማታ ፊት ለፊት

ማስታወሻ፦ ሰርካለም ከዘመዶቿ ሁሉ ተላቃ፣ ገና አንደኛ እንደሆነች እግሯን ፔዳሉ ላይ ስታሳርፍ፣ የውድድሩን ሰዓት በአንድ እጅዎ ትከሻዋን በሌላው ይዘው፣ የአክስትሽ ጉልበት ተሻላት ወይ ብለው የጠየቋት ክቡርነትዎ ነበሩ፤ አስማረም ካሤም ያለፏት በዚያች ጥያቄ መካከል ነው። ስላሰቡልኝ እግዜር ይስጥልኝ፣ ጉልበቴ ደህና ነው። እኔኑ ቢጠይቁኝም እነግርዎ ነበር፤ ከጀርባዎ ተቀምጬ ነበር።