ከጀልባዬ ጎን የወጣው ዘንግ

ኅዳር 3
ጻፊ። ዛሬ ሥራ ቀዝቀዝ ያለ ነው። ሐይቁ ላይ ሁለት የውሃ ሸርተቴ ተማሪዎችን በጀልባዬ ጎተትኩ፤ ሁለቱም ሆዳቸው እስኪነፋ ውሃ ጠጥተው ወጡ። ጀልባዋን ሳጥብ ልጄ ከሰፈራችን በያጅ ጋር መጣ። ሜትር ዘርግተው ጎኗን ይለካሉ።
«ምን ፈልጋችሁ ነው?»
«ምንም አባዬ።»
ምንም የሚለካ ሰው አይቼ አላውቅም። ሊሸጧት ነው... እኔን ከመሪው ሊያስነሱ። ሚስቴ እየጻፈች ትስቃለች። እሱንም ጻፊ።

ኅዳር 5
ረጅም የብረት ቱቦ አመጡ። ጀልባዋ መሃል ካለው የመጎተቻ ገመድ ምሰሶ ጋር አሰሩት፤ በቀኝ በኩል ውሃው ላይ ወጣ። ወደ ኋላ እንዳይታጠፍ ከአፍንጫዋ ጋር በሽቦ ወጠሩት። እጅ እንዳያንሸራትት ጫፉን በላስቲክ ጠቀለሉ።
«ለጀማሪ ነው አባዬ። ከኋላ በገመድ ከሚንገላታ ይህን ዘንግ ይዞ ከጎናችን ይለማመዳል።»
«ጀማሪው ማነው?»
«ሰው ነዋ።»
ሰው መሆኑንማ መች አጣሁት? ስሙ የማይጠራ ሰው... ገዢው ነው እንጂ ማን ሊሆን!

ኅዳር 6
«አባዬ፣ ስንት ኪሎ ነህ?» አለኝ። እኔንም ከጀልባዋ ጋር በሚዛን ሊሸጠኝ? በያጁ ሳቁን ሊደብቅ ፊቱን አዞረ። ዘንጉ ላይ ሰው ሲንጠለጠል ጀልባዋ ወደ ቀኝ ታጋድላለች፣ በግራ ከበድ ያለ ሰው ይቀመጥ ነው የሚሉት።
«መሪውንስ ማን ሊይዝ?»
«እኔ።»
ይኸው! አላልኩም?

ኅዳር 7
ትናንት ልጇን የሰደብኩትን ሚስቴ አልጻፈችም። ማንበብ ባልችልም አጭርና ረጅም ጽሑፍ መለየት አያቅተኝም። እሷም አብራቸው ናት...

ኅዳር 9
ዛሬ የሚጽፈው ልጄ ነው። የእናቱ መዳፍ ተልጧል።
ጠዋት ያንን ጀማሪ በዓይኔ ላየው ቀድሜ ወረድኩ። መሪዬን ጨብጬ ተቀመጥኩ፤ ማን ወንድ ያነሳኛል! ኋላ የመንሳፈፊያ ሰደርያ ለብሳ፣ የልጇን ቁምጣ ታጥቃ... ሚስቴ!
«አብደሻል እንዴ?»
«አንተ ሰውዬ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ጀልባህ ላይ ተቀምጬ ሌላው ሲንሸራተት አየሁ። አሁን ተራዬ ነው።»
«ለምን አልነገርሽኝም?»
«እሺ ልትለኝ?»
ሞተሩን አስነሳሁ።
ዘንጉን ያዘች። ወደቀች። ደግማ ወደቀች። መሪ የያዘ ሰው ፊት ለፊቱን ነው የሚያየው... ጮኸች ብዬ ስዞር፣ ሳቀች ብዬ ስዞር፣ ጀልባዋን ሸንበቆ ውስጥ ልከታት ነበር። ተነሳሁና ልጄን «ና ያዝ» አልኩት። ማንም አላስነሳኝም፤ ይሄ በደንብ ይጻፍ።
በግራ ተቀመጥኩ። ቆመች! ጥርሷ ሁሉ እየታየ...
ከውሃ ስትወጣ ግን ይሄን ልጅ «ረጅሙን ገመድ መቼ ነው የምይዘው?» ስትለው ሰማኋት። ምን ብለህ መለስክላት? ዝም ብለህ ጻፍ። ያን ያህል ከእኔ ርቃ የት ልትደርስ ነው? ረጅሙን በያዘች ቀን ፊቴን ወደ ኋላ አዙሬ ነው የምቀመጠው።