ገብስ ሆኖ ያልተመለሰው መሬት፦ የአቶ ጎበና በዳዳ የሕይወት ታሪክ (1895–1961 ዓ.ም.)

አቶ ጎበና በዳዳ ከአባታቸው ከአቶ በዳዳ ጉርሜሳና ከእናታቸው ከወይዘሮ ጂቱ ዋቆ፣ ከየካ ሚካኤል ከፍ ብሎ ባለው የእንጦጦ ተዳፋት፣ ሰኔ 12 ቀን 1895 ዓ.ም. ተወለዱ። በደብሩ ፊደል ቆጥረው ዳዊት እስከ መድገም ደርሰው ነበር። አባታቸው ሲያርፉ ግን በአሥራ አራት ዓመታቸው ትምህርቱን ትተው ሞፈር ጨበጡ። ከዚያ ወዲህ ዕድሜያቸውን በሙሉ ጠዋት በአማርኛ ጸልየው ቀኑን በኦሮምኛ በሬ ሲነዱ ኖሩ።

በ1925 ዓ.ም. ከወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ ጋር ተጋብተው ሁለቱን ወንዶች ሣህሌንና ዘርትሁንን፣ ሴቷንም ኢፍቱን ወለዱ። ከአባታቸው የወረሱት ሦስት ጥማድ የገብስ መሬት የሚታረሰው በወንፈል ነበር። ጎረቤት በሬውንና ጉልበቱን ይዞ ይመጣል፤ በሌላ ቀን ደግሞ እርሳቸው ይሄዱለታል። አቶ ጎበና ለሰው ማሳ ቀድመው የሚደርሱ ነበሩ። ወንዶቹ ልጆች ከጎለመሱ በኋላ ከአንድ ቤት ሦስት ሰው ስለሚወጣ፣ በእርሳቸውም ማሳ ላይ የሚሰበሰበው ብዙ ነበር።

በጥቅምት 1950 ዓ.ም. ሣህሌ ሥራ ፍለጋ ወደ አሰብ ወረደ። ሲሰናበት፣ “አባዬ፣ ሁለት ክረምት ነው፤ አንድ ጥማድ በሬ የሚገዛ ይዤ እመጣለሁ” አላቸው። እርሳቸውም “ሁለት ክረምትማ መሬቱ ይጠብቅሃል” ብለው መረቁት። ልጁ ከአሰብ ባሕሩን ተሻግሮ ኤደን ወደብ ላይ ጭነት አውራጅ ሆነ። የሚልከው ገንዘብና ደብዳቤ ሾላ ገበያ ሱቅ ባላቸው በወይዘሮ ጠይባ በኩል ይደርስ ነበር። ቤቱ ቆርቆሮ ለበሰ፤ ኢፍቱም ትምህርት ቤት ገባች። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ያ ጊዜ ደግ ነበር። ይህን ያየው ዘርትሁንም በ1952 ወንድሙን ተከትሎ ሄደ።

ከዚህ በኋላ ያለውን ሸፍኖ ማለፍ ለሟቹ ነፍስ አይጠቅምም፤ ራሳቸው ደጋግመው ይናገሩት ነበርና። ሁለቱ ልጆች ከሄዱ በኋላ አቶ ጎበና የሰዉን የወንፈል ቀን ብቻቸውን መመለስ አቃታቸው፤ በዚህም አፈሩ። በሰኔ 1953 ሊያርሱላቸው ለመጡት ጎረቤቶች፣ በጉልበታቸው ፋንታ፣ ልጆቹ ከላኩት ላይ ለያንዳንዱ የቀን ዋጋ ሰጡ። ጎረቤታቸው አቶ ፀሐዬ ብሩን እያገላበጡ፣ “ጋሼ ጎበና ወደቡን እዚህ ድረስ አመጡልን፤ እኛም ሳንሰደድ ደመወዝተኛ ሆንን!” ቢሉ ማሳው ሁሉ ሳቀ። አቶ ጎበናም ሳቁ።

በሚቀጥለው ክረምት ግን ያ የሳቀ ሰው ሁሉ፣ የማንም ማሳ ቢሆን፣ የቀን ዋጋ ይጠይቅ ጀመር። ባሕር ማዶ ልጅ የሌላቸው የሚያርስላቸው አጡ። የሚከፍሉት እንዲያገኙ እነርሱም ልጆቻቸውን ሰደዱ። ተዳፋቱ ላይ በሬ የሚጠምድ ጎረምሳ ጠፋ፤ የተገኘውም የሚጠይቀው ልጆቹ ከሚልኩት በለጠ። በ1955 ክረምት አቶ ጎበና፣ መሬቱ ጦሙን ከሚያድር ብለው፣ ሦስቱንም ጥማድ ባሕር ዛፍ ተከሉበት። ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ፣ “ይሄ አንዴ ከገባ የሚወጣ መሰለዎት?” ቢሏቸው፣ “ሣህሌ ሲመጣ በሁለት ወር እናወጣዋለን” አሉ።

በሰኔ 1959 ሰሜን ላይ በተነሣ ጦርነት፣ በኤደን የሚያልፉት መርከቦች መንገድ ተዘጋ። ወይዘሮ ጠይባ ኤደን ካሉ ዘመዶቻቸው የሰሙትን ይዘው፣ “አባባ፣ ወደቡ ጭር ብሏል። ሰዉ እንጀራ ፍለጋ ተበትኗል፤ የእርስዎ ልጆች ወዴት እንዳሉ የሚያውቅ አላገኘንም” አሏቸው። ከዚያ ወዲህ ደብዳቤም ገንዘብም አልመጣም። አቶ ጎበና ግን፣ ሥራ ያጣ ልጅ ወደ አባቱ ቤት ይመለሳል፣ ሲመለስም የሚያርሰው ማግኘት አለበት ብለው ቆረጡ።

በጥቅምት 1960 ዛፉን አስቆርጠው ጉቶውን ሊነቅሉ ተነሡ። ወደ አቶ ፀሐዬ ሄደው፣ “ፀሐዬ፣ እንደ ድሮው በወንፈል አግዙኝ፤ በአቅሜ እመልሳለሁ” አሉ። አቶ ፀሐዬ አንገታቸውን ደፍተው፣ “ጋሼ፣ እኔ ብመጣ አንድ ሰው ነኝ። ሌላውን ብጠራ ‘በቀን ስንት?’ ነው የሚለኝ። ይህንን ያስለመድነው እኛው አይደለን?” አሏቸው። አቶ ጎበና ተሰናብተው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። በማግስቱ፣ በስልሳ አራት ዓመታቸው፣ ዶማና መጥረቢያ ይዘው ብቻቸውን ወጡ። ከሰንበትና ከበዓል በቀር አንድ ቀን አልቀሩም። እርሳቸው በአንዱ ጥግ ሲነቅሉ በሌላው ጥግ ያለው ጉቶ ያቆጠቁጥ ነበር። ዓመት ሙሉ ደክመው ያጸዱት ግማሽ ጥማድ አይሞላም።

በታኅሣሥ 1961 እዚያው ማሳው ላይ ብርድ መታቸውና ደረታቸውን ታመሙ። ሐኪም ቢያያቸውም አልተሻላቸውም። ከአልጋ ከዋሉ በኋላ ሲመሽ ልጃቸውን ኢፍቱን፣ “ዛሬ ስንት ወጣ?” ይሏት ነበር። እርሷም ማሳው ላይ ማንም እንደሌለ እያወቀች፣ “አራት ወጣ፣ አባዬ” ትላቸው ነበር። የካቲት 3 ቀን 1961 ዓ.ም. ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት፣ ንስሐ ገብተው ሥጋ ወደሙ ተቀብለው ዐረፉ።

አቶ ጎበና ባለቤታቸውን ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስንና ሴት ልጃቸውን ኢፍቱን ትተው አልፈዋል። ሣህሌና ዘርትሁን ያሉበት ስለማይታወቅ መርዶው አልደረሳቸውም። ለሕክምናው፣ ለቀብሩና ለአርባው ወጪ ሲባል መሬቱ ለዛፍ ነጋዴ ለሃያ ዓመት ተሰጥቷል፤ አቶ ጎበና ያጸዱት ቦታም በመጪው ክረምት ባሕር ዛፍ ይተከልበታል። ይህ እዚህ እንዲነበብ ያዘዙት ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ ናቸው። ከለቀስተኛው መካከል ልጆቹን በየትም አገር የሚያገኝ ቢኖር፣ ከእናታቸው አፍ እንደወጣ እንዲህ ብሎ ይንገርልን፦ “አባታችሁ እስከ መጨረሻው ጠብቋችኋል። የምትመለሱበት እርሻ ግን የለም። ባላችሁበት እደሩ።”

ልፋታቸውን ያየ አምላክ የአቶ ጎበናን ነፍስ ከደጋጎቹ አባቶች አጠገብ ያሳርፍልን። አሜን።