እግሬ ከጨረሩ በኋላ

ጥቅምት 6
ሦስት ቀሚስ ጨረስኩ። የስፌት መኪናውን የምረግጠው በግራ እግሬ ነው፤ ቀኙ ዳር ላይ ተዘርግቶ ያያል። ግራው ሥራውን በሁለት ሳምንት ለመደው... እግር እንዲህ ቶሎ ይማራል እንዴ?

ዕጢው ከጭኔ ከወጣ ዓመት አለፈው። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ አዲስ አበባ ሠላሳ ጊዜ ጨረር ገባሁ። ቆዳው ጠቁሮ ቀርቷል፣ ስጫነው አይሰረጉድም። ከውስጥ ምን ሆኖ ይሆን?

ጥቅምት 9
ሆስፒታል። ፊዚዮቴራፒስቷ ኑኃሚን ጉልበቴን ለካች። ሰባ አምስት ዲግሪ ታጠፈ፣ ባለፈው ወር ሰባ ነበር። ከዚያ ቅጽ አወጣች። ደረጃ መውጣት? በትንሽ ችግር። ካልሲ ማድረግ? በብዙ ችግር። መሬት መቀመጥ? አልችልም።

"ሶላትስ? ሱጁድ ወርጄ ግንባሬን መሬት ማስነካት አቅቶኛል፤ የት ጋ ይገባል?" አልኳት።

ቅጹን አገላበጠችው። የለም። እሷ ክርስቲያን ናት፤ እንዴት እንደሚወረድ ደጋግማ ጠየቀችኝና ዳር ላይ ጻፈችው። ደስ አለኝ... ለምን ደስ አለኝ?

ጥቅምት 10
እግሬ አብጧል። ምንም አልሠራሁም።

ጥቅምት 16
ኑኃሚን ደወለች። ከቦኬ የመጣች ረዲያ የምትባል ሴት አለች፣ ባቷ ላይ እንደኔው ዓይነት ዕጢ። አዲስ አበባ ሂጂ ስትባል እምቢ ብላለች። "ካንቺ ብትሰማው ይሻላል፣ እባክሽ።"

ሆስፒታል ሄድኩ። ሃያ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። ግድግዳ ግድግዳውን እያየች "ሚላኮ ኒሙራን" ትላለች፤ እግሬን ይቆርጡታል ማለቷ ነው። ምን ልበላት? መጋረጃውን ሳብኩና ቀሚሴን ሰበሰብኩ። ይሄን ጠባሳ ከሐኪሞቹና ከባሌ ከዚያድ በቀር ያየው የለም።

አጎንብሳ አየችው።

"ልንካው?"

"ንኪው።"

"ይሞቃል!" ደነገጠች። የሞተ ሥጋ መስሏት ኖሯል።

ከዚያ ጥያቄ በጥያቄ ላይ... ጨረሩ ያቃጥላል? ሲገባ ምንም አይሰማም፣ ቆዳው መቁሰል የጀመረው ሦስተኛው ሳምንት ላይ ነው አልኳት። ልጅ ትሸከሚያለሽ? ቆሜ አዎ፣ ከመሬት ማንሳት ግን አይሆንልኝም። ባልሽ ጠላሽ?

"የሸሸሁት እኔ ነኝ፣ እህቴ።"

ይሄን ለማንም ብዬ አላውቅም። ከየት መጣ?

"የኔን እግር አልቆረጡትም። ያንቺን ምን እንደሚሉ ግን አላውቅም፤ አልዋሽሽም" አልኳት። ራሷን ነቀነቀች።

ጥቅምት 17
ለረዲያ ያልኩትን፣ የሸሸሁት እኔ መሆኔን፣ ለዚያድ ነገርኩት።

"አውቃለሁ። እስክትመጪ ነው የጠበቅኩሽ" አለ።

ዓመት ሙሉ! ከአንድ ሳህን እየበላን...

ጥቅምት 21
ረዲያ እሄዳለሁ አለች። ወንድሟ አዲስ አበባ ይቀበላታል። እስከ መናኸሪያ እሸኛታለሁ።

እኔስ? የአዲስ አበባ ክትትሌን ሁለት ጊዜ ዘልያለሁ፣ ኑኃሚንም አታውቅም። ስለ ጉልበቴ ያላጠናሁት ነገር የለም። ዕጢው ተመልሶ እንደሆነ ግን... እሱን ማወቅ አልፈልግም። ወይስ እፈልጋለሁ?

ጥቅምት 23
ሚኤሶ፣ የአዲስ አበባ መንገድ ላይ። አውቶብሱ ነዳጅ ሊቀዳ ቆሟል።

የወጣሁት ልሸኛት ነበር፣ ወላሂ። ዕቃዋን አቀብዬ ልወርድ ስል እጄን ያዘችኝ። አልለቀቀችኝም። ረዳቱ "እናት፣ ወራጅ ነሽ ተሳፋሪ?" አለኝ። ተቀመጥኩ።

አሁን ዚያድ ደወለ።

"ሱቅሽ ዝግ ነው አሉኝ። የት ነሽ?"

"ሚኤሶ።"

"ሚኤሶ ምን ትሠሪያለሽ?"

"ለክትትል እየሄድኩ ነው። የዘለልኩት አለ... አልነገርኩህም እንጂ።"

"እንግዲያው እግርሽን አታጥፊው። መተላለፊያው ላይ ዘርጊው" አለኝ።

ዘረጋሁት። ረዲያ ሳልጠይቃት ፎጣዋን አጣጥፋ ከሥሩ አስገባችልኝ።