ፕሮግራሙ የዘለላቸው ስሞች

ናይሮቢ፣ ሐሙስ ኅዳር 16 ቀን 1980 ዓ.ም.

ዛሬ ድንበር የተሻገሩ ስደተኞችን ስም የሚመዘግበውን የሲ ቋንቋ የኮምፒውተር ፕሮግራም ከጻፈው ከግርማ ጋር መስመር በመስመር መረመርነው። ለየስሙ የሚወስደውን ሜሞሪ መልሶ አይለቅም፤ ሜሞሪው ሲሞላ ቀጣዮቹን ስሞች ይዘልላል፤ በመጨረሻም «ተጠናቋል» ይላል።

«የስሕተት መልእክቱን ማን አጠፋው?» አልሁት።

አንገቱን ደፋ። «እኔ ነኝ፣ ጋሼ። እንግዶቹ ሥራችንን ሊያዩ የመጡ ዕለት እርስዎን እንዳያሳፍር ብዬ ነው።»

ያን ዕለት በእንግዶቹ ፊት ያመሰገንሁት እኔው ስለሆንሁ ልቆጣው አልቻልሁም። የተዘለሉት እነማን እንደሆኑ አይታወቅም፤ ስሞቹ የተሞሉባቸው ቅጾችም «ተጠናቋል» ስላለን ተቃጥለዋል።

ባለፈው እሑድ ወይዘሮ ዘውዲቱን «የልጅዎ ስም መዝገቡ ላይ የለም» ብያቸው ነበር። ቃሌን አምነው፣ ልጄ ሞቷል ብለው ሁርሊንግሃም ሰፈር ባለው ቤታቸው ለቅሶ ተቀምጠዋል። ነገ ሄጄ ምን እላቸዋለሁ? አለ እንዳልላቸው አላውቅም፤ ከለቅሶው ተነሡ እንዳልላቸውም…