ኮምፒውተር ለመረጡልን ለክቡር የግዥ ኮሚቴ ሰብሳቢ

ለተከበሩ አቶ አንዳርጋቸው
የመሥሪያ ቤታችን የግዥ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ጎንደር፣ ግንቦት 12 ቀን 1988 ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደ ኮሚቴዎ ቃለ ጉባኤ እንከን የማይገኝበት፣ ወንበርዎም የማይነቃነቅ ይሁን እያልኩ በታላቅ አክብሮት እጅ እነሣለሁ። እኔ የካርታ ክፍል ባለሙያዋ ነኝ፤ ለሥራዬ ኮምፒውተር ሲገዛ ያልተጠየቅሁት።

እንደሚያስታውሱት የለመንነው አንድ ዕቃ ነበር፦ የካርታው ፕሮግራም የሚሠራበት ዩኒክስ የተባለ ሥርዓት ያለው፣ ነገር ግን ለአማርኛ ደብዳቤ የለመድናቸውን የፒሲ ፕሮግራሞችም የሚያስኬድ ኮምፒውተር። እንዲህ ያለው ማሽን ከቀረቡት ከሦስቱ አንዱ ነበር። እርስዎ ግን ዩኒክስ የማያስኬደውን መረጡልን። ምስጋናዬ ብዙ ስለሆነ በተራ ላስቀምጠው።

አንደኛ፣ ቃለ ጉባኤው «ዩኒክስ የተባለውን የሚያውቅ የኮሚቴ አባል ስለሌለ ከመመዘኛው ወጥቷል» ይላል። ለተወዳዳሪዎች ሁሉ እኩል የሆነ ፍርድ ነው! ከስብሰባው ክፍል ሁለት በር አልፎ፣ በካርታ ክፍል፣ ዩኒክስን የሚያውቅ ሰው ተቀምጦ እንደነበር ማንሳት ድፍረት ይሆንብኛል። ነጋዴው አባቴ ቅዳሜ ገበያ በቅሎ ሲገዛ ጥርሷን የሚያይለት ሰው ይጠራ ነበር እንጂ፣ እኔ አላውቅም ብሎ ጥርስን ከመመዘኛ አያወጣም ነበር።

ሁለተኛ፣ ስለ ፈተናው። አምስት የተከበሩ ሰዎች በሦስቱም ማሽኖች «ለሚመለከተው ሁሉ» የሚል ደብዳቤ አስጽፈው፣ ቀድሞ አትሞ ያወጣውን ማሽን በጭብጨባ አሳለፉት። እውነትም ሸጋ አድርጎ ይጽፋል።

ሦስተኛው ምስጋና የእኔ ሳይሆን የወይዘሮ ይመኙሽ ነው። ጃናሞራ ውስጥ፣ ከመካነ ብርሃን በላይ፣ ጋራው በተሰነጠቀበት መንደር ይኖራሉ። ቀያሾቻችን ሁለት ወር በእግራቸው ዞረው ስንጥቁን ለክተዋል፤ ልኬቱም በዩኒክስ ብቻ በሚከፈት የመረጃ ካሴት ላይ ተቀምጧል። ካርታው ሲወጣ ሠላሳ አንድ አባወራ ከክረምት በፊት ወዴት ቢነሣ እንደሚሻለው እንነግረዋለን ብለን ቃል ገብተናል። ባለፈው ሳምንት ወይዘሮዋ ቢሮ ድረስ መጥተው «ምነው ልጄ፣ ጋራው እኮ ስብሰባ አይጠብቅም» አሉኝ። አፈርኩ። የማሳያቸው ካርታ ስላልነበረኝ አዲሱን ማሽን አሳየኋቸው።

ስለዚህ ማሽኑ ሰኔ ሳይገባ እንዲለወጥልን፣ ካልሆነም ካሴቱ ዩኒክስ ወዳለበት እንዲላክ እጠይቃለሁ። ከዚህ በፊት ሦስት ጊዜ ጽፌ «ይታይ» ተብሎ ተመርቶበታል፤ እስካሁን ያየው የለም።

በውሳኔዎ ጥልቀት ዘወትር የምደነቅ፣ ትሑት ታዛዥዎ፣
ፈህሚያ ጃቢር
ካርታ ከማያወጣው የካርታ ክፍል

ድኅረ ጽሑፍ፦ ልፈርም ስል ከመካነ ብርሃን ሰው ደረሰ። ትናንት ከጋራው ጫፍ አፈር ተንዶ ሁለት ቤት ይዞ ወርዷል፤ ሰዎቹ እርሻ ላይ ስለነበሩ ተርፈዋል። ዝናቡ ገና አልገባም። የመረጡት ማሽን ደብዳቤ ላይ ፈጣን ነውና የሐዘን መግለጫውን ከወዲሁ እንዲያስጽፉ በትሕትና አሳስባለሁ፤ ለስሞቹ ሰፊ ቦታ ይተዉ።