ግራ እጄን ከኪሴ አላወጣሁም

ለቢሮ ተጋሪዬና ለወዳጄ፣

ስትሸኘኝ "አደራ፣ እዚያ እጅህን ከኪስህ አውጣ፤ ኩራት ይመስልብሃል" ያልከኝን አልዘነጋሁም። ዛሬ ለሙሉ ፕሮፌሰርነት በሚገመግሙኝ ምሁራን ፊት ሳስተምር፣ ኤሌክትሪክ ያልተቋረጠበትን ትራንስፎርመር ለመለካት ስጠጋ ግን ግራ እጄ እንደ ልማዱ ኪሴ ገባ።

"ዘና ብለዋል፣ ዶክተር" አለኝ አንዱ ገምጋሚ ፊቱን ቋጥሮ።

"በሁለት እጅ ብነካ ኤሌክትሪኩ ከአንዱ ወደ ሌላው በልቤ በኩል ያልፋል፤ ልቤን ደግሞ ለጡረታዬ እፈልገዋለሁ" አልኩት።

እኛ ጋ ቢሆን ተማሪዎቹ "ባለ አንድ እጁ!" ብለው በሳቁ ነበር። እዚህ ማንም አልሳቀም። ቀና ስል፣ ዕድሜያቸውን በከፍተኛ ቮልቴጅ ሥራ ያሳለፉት አዛውንቷ የገምጋሚዎቹ ሰብሳቢ መለኪያውን ሊያዩ አጠገቤ ቆመዋል፤ የእሳቸውም ግራ እጅ ካፖርታቸው ኪስ ውስጥ ነበር።

"ቀጥል፣ ልጄ" አሉኝ።

ውሳኔው በጽሑፍ እስኪደርሰኝ ድረስ ውጤቱን አረጋግጬ አልናገርም፤ አንተ ግን ሱፌን ከላውንድሪ አውጥተህ ጠብቀኝ። የፖስታ ካርዱ ሞላብኝ። ባለቤትህንና ልጆቹን ሳምልኝ፤ እናቴንም "ደህና ይበላል" በልልኝ።

ባለ አንድ እጁ ወዳጅህ