እናቴን ከ«ትናንት» ግድግዳ ያውርዱልኝ

ለተከበሩ የሰፈራችን አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ፣ ጤናዎ የተሟላ፣ የቢሮዎ ሻይ የሚፈላበት ውሃም ያልተቋረጠ እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ።

«የጋራ እድገታችን» በሚል ርዕስ በጽሕፈት ቤትዎ መተላለፊያ ላይ ያሰቀሉትን የፎቶግራፍ አውደ ርዕይ ከእናቴ ጋር መጥተን ተመልክተናል። ግራው ግድግዳ «ትናንት»፣ ቀኙ «ዛሬ» ተብሎ መከፈሉ፣ እንደ እኔ እድገት ቶሎ ለማይታየው ሰው ትልቅ እገዛ ነው። ስለዚህም ምስጋናዬን ከጥቂት ቅሬታ ጋር በትሕትና አቀርባለሁ።

1. «ትናንት» በሚለው ግድግዳ ላይ ጀሪካን አዝላ ዳገቱን የምትወጣው ሴት እናቴ ናት። ፎቶግራፉ ግን የተነሳው ባለፈው ወር ነው፤ የለበሰችውን ሹራብ የገዛሁላት በዚያው ሰሞን ነበር። ኑሯችንን ገና ኖረን ሳንጨርሰው ታሪክ ስላደረጉልን እናመሰግናለን።

2. «ዛሬ» በሚለው ግድግዳ ላይ ሪባን ሲቆርጡ ከጎንዎ የሚንፎለፎለው ቧንቧ የኛው መንገድ ቧንቧ ነው። የምረቃው እንግዶች መኪናቸው ውስጥ ገብተው ሳይጨርሱ ውሃው ቆመ፤ ከዚያ ወዲህ ጠብ አላለም። የተቆረጠው ሪባን ግን እስካሁን ቧንቧው ላይ እንደታሰረ ነው፤ ልጆች እንዳይነኩት እንጠብቀዋለን።

3. እናቴ ዓይኗ ስለደከመ ከፎቶው በላይ የተጻፈውን እንዳነብላት ጠየቀችኝ፤ አነበብኩላት። እቤት ስንደርስ «እንግዲህ እኔ አልፌያለሁ ማለት ነዋ» ብላ ሳቀች። እኔ መሳቅ አቃተኝ። ጉልበቷ አብጧል፤ ሐኪሙ ሸክም ይቅርብዎ ብሏታል፤ እኔ ልብስ ስሰፋ ስለምውል ጀሪካኑን የሚቀበላት የለም። ክቡር ሆይ፣ አቤት ማለቱ ራሱ አድክሞኛል።

በመሆኑም ውሃው እስኪመጣ ድረስ ፎቶግራፏ ወደ «ዛሬ» ግድግዳ እንዲዛወርልኝ እለምናለሁ። የሠራተኛ እጥረት ካለ መዶሻና ሚስማር ይዤ እመጣለሁ።

እድገታችንን ከመተላለፊያዎ፣ ውሃችንን ከዳገቱ ሥር የምትፈልግ፣
አክባሪዎ ልብስ ሰፊዋ

ማሳሰቢያ፦ ይህን ጽፌ ሳልጨርስ የጽሕፈት ቤትዎ ፎቶ አንሺ ለከርሞው «ትናንት» የሚሆን ምስል ፈልጎ እቤታችን ድረስ መጥቶ ነበር። «እማማ፣ ከከበደዎ ባዶውን ጀሪካን ይዘው ይውጡልኝ» ቢላት፣ እናቴ «ባዶውን ከሆነማ ልጄ፣ እዚያው ቧንቧችሁ ሥር አንሳኝ» ብላ መልሳዋለች።